ፍሪጁ ተበላሽቶ ዘሮቼ ረጠቡ፤ ፍሪዘር ውስጥ ላስገባቸው?

አትክልተኛዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍሪጃችን ከሌሊት ጀምሮ አይሠራም። ከአገር ቤት ያሰባሰብኳቸው የጎመን፣ የበሶብላ፣ የጤና አዳም፣ የቀይ ሽንኩርትና የቡና ዘሮች በየጠርሙሳቸው ውስጡ ነበሩ። ጠዋት ከፍቼ ሳያቸው ጤዛ የመሰለ ውሃ ይዟቸዋል። ጎረቤቴ ፍሪዘር ስላላት ሳይበላሹ ላስገባቸው አስቤያለሁ፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የሂውስተኑ፦ ሳይውል ሳያድር ፍሪዘር ውስጥ ያስገቧቸው። እኔም ዘሮቼን የማስቀምጠው እዚያው ነው።

ጋሽ ዘሩ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው ዘርን የሚያቆየው ቅዝቃዜ ብቻ ይመስለዋል፤ ከቅዝቃዜው የሚቀድመው ግን ድርቀት ነው። የዘር ተመራማሪው ሃሪንግተን ባስቀመጠው ግምታዊ ስሌት መሠረት፣ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ የማከማቻው ሙቀትም በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ማከማቻ ዘሮችን ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቢያኖርም፣ ወደዚያ የሚገቡት በሚገባ ደርቀውና ታሽገው ነው። በእስራኤል ከማሳዳ ፍርስራሽ የተገኘው 2000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የተምር ፍሬ ደግሞ ፍሪጅ የሚባል ነገር ሳያይ፣ ደረቁ በረሃ ጠብቆት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል።

ቀልደኛው፦ ዘሩስ ይደርቃል፤ ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ክትፎ ማን ያስበው?

ወለተ ማርያም፦ ፍሪጁን መውቀስዎ ትክክል አይመስለኝም። በደንብ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ከየትም አይገባም። ጠርሙሶቹ ገና ቀዝቃዛ ሳሉ ክዳናቸው ስለተነሳ የኩሽናው ሞቃትና እርጥብ አየር ገብቶ ዘሮቹ ላይ ውሃ ሆኗል፤ ፍሪጁ ደህና በነበረ ጊዜም እንደዚሁ ከፍተዋቸው ከነበረ ያው ይደርስባቸው ነበር። ያልከፈቷቸው ካሉ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ድረስ እንደተከደኑ ይቆዩ።

የሂውስተኑ፦ ፍሪዘር ይሻላል ብያለሁ።

ወለተ ማርያም፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ዘሮች ደርቀው ስለገቡ ነው የተረፉት። እርጥብ ዘር ፍሪዘር ከገባ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ሽሉን ይገድለዋል። እህቴ፣ እያንዳንዱን ዘር በየሰሃኑ ወረቀት ላይ አሳስተው ይዘርጉት፤ ስሙን ዛሬውኑ ይጻፉበት፣ ምክንያቱም የጎመን ዘር ከሌላ ጎመን ዘር ጋር ከተደባለቀ የሚለየው የለም። ፀሐይም ምድጃም አያስፈልግም፤ በጥላ ቦታ ቬንቲሌተር ይበቃል። ላዩ ሲደርቅ በሶፍት ጠቅልለው በክብደቱ ልክ ከሆነ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) ጋር ጠርሙስ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይክደኑት፤ ሲሊካ ከሌለ በምድጃ በደንብ ደርቆ የቀዘቀዘ ሩዝ ይተካዋል። በሶብላው ውሃ ሲነካው ዝልግልግ ስለሚል፣ እንደዚያ ሆኖ ካገኙት ለማድረቅ ከመድከም ወዲያው መዝራት ይሻላል። ቀይ ሽንኩርት ዕድሜው አጭር በመሆኑ ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈው 10 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ስንቱ እንደሚበቅል ይዩ።

አትክልተኛዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎመኑና ጤና አዳሙ ሰሃን ላይ ናቸው። ቡናውን ግን ጎረቤቴ ቀድማ ወስዳ ፍሪዘር ውስጥ አስገብታዋለች፤ ይውጣ?

ቀልደኛው፦ ከቆላችው በኋላ ከሆነ ይቆይ።

ጋሽ ዘሩ፦ በቶሎ ይውጣ፣ ጠርሙሱ ግን ሙቀት እስኪይዝ አይከፈት። ቡና እንደ ጎመንና እንደ ሽንኩርት በጣም መድረቅንና መቀዝቀዝን አይችልም፤ ጂማ አካባቢ ጮጬ ላይ የቡና ዝርያዎች በዘር መልክ ሳይሆን ተተክለው በማሳ የሚጠበቁት በዚሁ የተነሳ ነው። በክፍል ሙቀት እንኳ የሚቆየው ለወራት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከፍሪዘሩ የተረፈውን ዛሬ ነገ ሳይሉ በማሰሮ አፈር ላይ ይዝሩት። ለመሆኑ ቡናው የተለቀመው መቼ ነበር?