ጥያቄ፦ ለማገዶና ለቅርንጫፍ የሚሆን የእጅ መጋዝ የቱ ነው?

የሆጤዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ነፋስ የጣለው ባህር ዛፍ አለ፤ ከወደቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ግንዱ በወፍራም በኩል 22 ሳ.ሜ. ነው፣ ወደ ጫፉ 8 ይደርሳል። አምና የተከመረ የደረቀ ጽድም አለ። አንድ የግራቪሊያ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ተጋድሟል። ቤት ያለው የአናጺ መጋዝ ነው። ጣውላ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ባህር ዛፉ ላይ ግን አራት ጣት ያህል ከገባ በኋላ ንቅንቅ አይልም፣ ሰጋቱራውም እንደ ሊጥ ጥርሱ መሃል ይጋገራል። ሞተር መጋዝ አልፈልግም። ምን ዓይነት የእጅ መጋዝ ልግዛ? ለእርጥቡም ለደረቁም አንዱ ይበቃል? ቁራጩ ለእንጀራ ምድጃ ስለሆነ 35 ሳ.ሜ. ገደማ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

አናጺ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ መጋዝሽ ደንዞ ላይሆን ይችላል፤ ሥራው ስላልሆነ ነው። የአናጺ መጋዝ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ7 እስከ 10 ጥርስ አለው። ጥርሱ ደቃቅ ሲሆን በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጉድጓድም ትንሽ ነው። የደረቀ ጣውላ ዱቄት ስለሚያወጣ ጉድጓዱ ይበቃዋል። እርጥብ ግንድ ግን ክር ክር የሚል ርጥበት ያለው ስንጣሪ ያወጣል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ጥርሱ እንጨቱን መንካቱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የምትገፊው ሰጋቱራን በሰጋቱራ ላይ ነው፤ ጉልበት ብትጨምሪም ለውጥ የለውም።

የሚያስፈልግሽ ባለ ቀስት መጋዝ ነው። የብረት ቱቦ እንደ ቀስት ተቆልምሞ በሁለቱ ጫፎች መካከል ቀጭን ምላጭ የተወጠረበት ማለት ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብተሽ የዛፍ መጋዝ ብትዪ ያሳዩሻል። በብዛት የሚመጣው በሦስት ልክ ነው፦ 21 ኢንች (53 ሳ.ሜ.)፣ 24 ኢንች (61 ሳ.ሜ.) እና 30 ኢንች (76 ሳ.ሜ.)። መለኪያው ቀላል ነው፤ ምላጩ ከሚቆረጠው ግንድ ውፍረት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ግንዱ 22 ከሆነ 44 ያስፈልጋል፤ ምላጩ ከዚያ ካጠረ ጥርሱ ከእንጨቱ ሳይወጣ ስለሚመላለስ ሰጋቱራውን አያራግፍም። 21 ኢንቹም ይደርሳል፤ ትርፍ እንዲኖርሽ ግን 24 ኢንቹን ግዢ። 30 ኢንቹ ሁለት ሰው ከወዲህና ከወዲያ ሆኖ ሲስበው ነው የሚያምርበት፤ ለአንድ ሰው ምላጩ ይወላገዳል።

ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ፤ ከምላጩ እስከ ቀስቱ ሆድ ያለው ክፍተት። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ለኪው። ክፍተቱ ከ22 ሳ.ሜ. ካነሰ ግንዱን ሳትጨርሺ ቀስቱ እንጨቱ ላይ ያርፋል። እንደዚያ ከሆነ ግንዱን እያንከባለልሽ ከሁለት ወገን መቁረጥ ትችያለሽ፣ ግን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ሁለት ዓይነት ነው። የእርጥብ እንጨት ምላጭ አራት ሹል ጥርስ ተደርድሮ ከዚያ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ አንድ ጥርስ ይመጣል። ይህኛው ከሌሎቹ በጥቂቱ ያጥራል፤ ሥራው ሹሎቹ የቆረጡትን ክር እያነሳ መጥረግ ነው። የደረቅ እንጨት ምላጭ ጠራጊ የለውም፤ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይደረደራል። ቀስቱ አንድ ሆኖ ምላጩ ብቻ ስለሚቀያየር ሁለቱንም ግዢ። ሦስት ሳምንት የሆነው ባህር ዛፍ ገና እርጥብ ነው፣ በጠራጊው ቁረጪ። ለደረቀው ጽድ ሦስት ማዕዘኑን። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ ሦስት ማዕዘኑን ውሰጂ፤ እርጥቡን በዝግታም ቢሆን ይቆርጣል። ጠራጊው ግን ደረቅና ጠንካራ እንጨት ላይ እየዘለለ እጅ ያነጥራል።

ከገጠምሽው በኋላ ምላጩን በጣትሽ ምቺው። እንደ ክራር ክር ጥርት ብሎ መጮህ አለበት። ድፍን ድምፅ ካሰማ ላልቷል፤ የላላ ምላጭ መሃል ላይ ይጎብጥና የሚቆርጠው መስመር እንደ ጨረቃ ይታጠፋል፤ ከዚያ ይያዛል።

ጦሳ ግርጌ፦
አናጺው ስለ ጥርሱ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አራት ጣት ገብቶ መያዙ ግን የጥርስ ችግር ብቻ አይመስለኝም፤ ግንዱ የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። አዲሱን መጋዝ ገዝተሽም ግንዱን መሬት ላይ እንዳለ ከቆረጥሽው ይይዝሻል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ግንዱ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ተደግፎ መሃሉ ባዶ ከሆነ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የላይኛው ፊት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ከላይ ስትቆርጪ ክፍተቱ ይዘጋና ምላጩን ይነክሰዋል። እንዲህ ሲሆን ከላይ ሲሶውን ቁረጪ፣ ቀሪውን ከታች ወደ ላይ። ጫፉ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ከታች ትንሽ፣ ከዚያ ከላይ ጨርሺው። ከላይ ብቻ ከጀመርሽ ሊያልቅ ሲል ይሰነጠቅና ቅርፊቱን ይዞ ይገነጠላል።

እርጥብ ባህር ዛፍ ከባድ ነው። 22 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ግንድ አንድ ሜትሩ ብቻ ወደ 38 ኪሎ ይሆናል፤ ሙሉውን ለማንሳት አትሞክሪ። መሬት ላይ እንዳለ ከሥሩ ሁለት ጉማጅ አስገቢና ከአፈር ከፍ አድርጊው፤ ከዚያ በ105 ሳ.ሜ. ቁረጪው። 105 ማለት ሦስት የምድጃ ቁራጭ ነው፣ ምንም አይባክንም። ምላጩ አፈር እንዳይነካ፤ አሸዋ የነካ ጥርስ በሁለት ምት ይደነዝዛል።

ቀሪውን ማረፊያ ላይ አውጪው። አራት ጠንካራ አጠና፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር። ሁለት ሁለቱን በመስቀል ቅርጽ አድርጊና መገናኛው ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ያህል ላይ እንዲሆን በሚስማር ምቺ፣ በሽቦም እሰሪው። ሁለቱን መስቀሎች በ40 ሳ.ሜ. ርቀት በአግዳሚ እንጨት አያይዣቸው። ግንዱ መስቀሉ ላይ ይተኛል፣ 35 ሳ.ሜ. ከሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይወጣል፤ የምትቆርጪው ከመስቀሉ ውጭ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብለሽ ነው። እንዲህ ሲሆን ክፍተቱ በራሱ እየተከፈተ ይሄዳል። የመጨረሻዋ 70 ሳ.ሜ. መሃል ላይ መቆረጥ ስላለባት ትይዛለች፤ እሷን ግማሽ ድረስ ቁረጪና አንከባለሽ ከሌላው ፊት ጨርሺ።

አያያዙንም ልጨምር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ራስሽ ብቻ እየሳብሽ መስመር አስይዢ፤ ገፍቶ መጀመር ነው ምላጩን አዘልሎ ግራ እጅ ላይ የሚያሳርፈው። ግራ እጅሽ ከመቁረጫው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፣ ጓንት ይኑረው። ትከሻሽ፣ ክንድሽና ምላጩ በአንድ መስመር ይሁኑ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጅም ምት፤ ወደ ታች አትጫኚው፣ የመጋዙ ክብደት ይበቃዋል። መጫን የሚያስፈልግሽ ከሆነ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው።

የሆጤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ ያየሁት ምላጭ የጥርሱ ጫፍ ጫፍ ወደ ሰማያዊ የጠቆረ ነው። ይህ ሲደነዝዝ ይሞረዳል? የጽዱ ሙጫስ በምን ይለቃል?

ሞረድ፦
የጠቆረው ጫፍ በእሳት የጠነከረ ነው፤ አይሞረድም። ረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ ሲያልቅ ይቀየራል። ከተጠራጠርሽ ዳር ላይ ባለው ጥርስ ላይ ሞረድ ሞክሪ፤ ሳይነክስ እንደ መስተዋት ከተንሸራተተ ተይው፣ ሞረዱን ነው የምታበላሺው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም የሆነው ምላጭ ይሞረዳል። ምላጩን በሁለት ጣውላ መሃል አድርገሽ ሞርሳ ላይ እሰሪ፤ ጥርሱ ብቻ ከላይ ይውጣ፣ ከራቀ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያዢ። ጥርሶቹን ልብ ብለሽ ካየሽ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ወደ ወዲያ ያዘነበሉትን ብቻ፣ አንድ እየዘለልሽ፣ ሞረዱን ከቀጥታው ወደ 20 ዲግሪ ያህል አጋድመሽ ሞርጂ። ለእያንዳንዱ እኩል 2 ወይም 3 ምት። ወደ ፊት ስትገፊ ብቻ ይንካ፤ ስትመልሺ አንሺው። ከዚያ ምላጩን አዙረሽ የቀሩትን። የደነዘዘ ጥርስ ጫፉ ላይ በብርሃን የምታብለጨልጭ ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ስትጠፋ አቁሚ። እኩል ካልሞረድሽ አንዱ ወገን ይረዝምና መጋዙ ወደዚያው ወገን እየሳበ ጠማማ ይቆርጣል። ጠራጊ ጥርስ ያለውን ለባለሙያ ስጪው፤ ጠራጊው በትክክል ካላጠረ ሥራው ይበላሻል።

የጥርሱ ዘንበል ማለት ከጠፋም መጋዝ ይያዛል። በእያንዳንዱ ጎን የምላጩን ውፍረት ሩብ ያህል መውጣት አለበት። በፒንሳ ለመመለስ አትቸኩዪ፤ ከሥሩ የታጠፈ ጥርስ ይሰበራል፣ የሚታጠፈው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው።

ለሙጫው ጨርቅ ላምባ ወይም ናፍጣ አስነክተሽ ምላጩን ጥረጊ፤ ከእሳትና ከምድጃ ርቀሽ። ከዚያ ደረቅ ሳሙና ወይም ሰም ጎን ለጎኑ ብትቀቢ ቶሎ አይጣበቅም። ሥራ ስትጨርሺ ውጥረቱን አላልተሽ፣ ምላጩን ዘይት ቀብተሽ ስቀዪው። የደሴ ጉምና ክረምት ለብረት አይመችም፤ የዛገ ምላጭ ደግሞ እንደ ደነዘዘው ነው።

ቦርከና፦
የግራቪሊያውን ቅርንጫፍ ማንም አላነሳውም፤ ከሁሉ አደገኛው እሱ ነው። በመጀመሪያ ቀና ብለሽ እዪ፤ የመብራት ሽቦ ቅርንጫፉን ወይም ሲወድቅ የሚደርስበትን ቦታ የሚነካ ከሆነ አትንኪው፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ነው።

ሽቦ ከሌለ ታጣፊ መጋዝ ይሻላል፤ ባለ ቀስቱ ቅርንጫፍ መሃል አይገባም። የታጣፊው ጥርስ ወደ እጀታው ያዘነበለ ስለሆነ የሚቆርጠው ወደ ራስ ሲሳብ ነው፤ ሲገፋ ዝም ብለሽ መልሺው፣ ከገፋሽው ምላጩ ይታጠፋል። እስከ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያስኬዳል።

ቅርንጫፉ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆረጠው። አንድ፣ ከግንዱ 30 ሳ.ሜ. ርቀሽ ከታች ሲሶውን። ሁለት፣ ከዚያ 3 ሳ.ሜ. ወደ ጫፍ ራቅ ብለሽ ከላይ እስኪወድቅ። ሦስት፣ የቀረውን ጉቶ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ ካበጠው ቀለበት ጠጋ ብለሽ ከውጭ በኩል፣ ቀለበቱን ሳትነኪ። ቁስሉን የሚዘጋው ያ ያበጠው ቀለበት ነው፤ ከተቆረጠ ዛፉ ይበሰብሳል። በአንድ ጊዜ ከላይ ብቻ ከቆረጥሽ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ልጦ ይሄዳል። ቆርቆሮው ላይ እንዳይወድቅም ከጫፉ ገመድ አስሪና ሌላ ሰው ከጎን ይያዘው። መሰላሉን ቅርንጫፉ ላይ ሳይሆን ግንዱ ላይ አስደግፊ።

አጥራችሁ ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ካለበት በዚህ መጋዝ እንዳትሞክሪው። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ መጋዝ ደግሞ ይረጨዋል።

ጦሳ ግርጌ፦
ስለ ዛፉ ዓይነትም አንድ ነገር። ባህር ዛፍ የራስሽ ነው። የሀበሻ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ዋንዛ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ግቢ ውስጥ የቆመ ሀገር በቀል ዛፍ ከመንካትሽ በፊት ቀበሌ ጠይቂ። የባህር ዛፉን ጉቶ ደግሞ አትንቀዪው። ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ያህል ላይ፣ ውኃ እንዳይቆምበት ዘንበል አድርገሽ በመጋዝ አስተካክዪው። ቅርፊቱ ካልተላጠ ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስት አስቀሪ።

አናጺ ከኮምቦልቻ፦
ቆርጠሽ ስትጨርሺ ሳይደርቅ አስፈልጪው። ባህር ዛፍ እርጥቡን በመጥረቢያ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሽብልቅ ካልገባበት እሺ አይልም። ያልተፈለጠ ድብልብል ከቅርፊቱ ጋር ከተከመረ ውስጡ ለወራት እርጥብ ይቆያል፣ ምድጃ ላይም ጭስ ብቻ ነው። ክንድ ያህል የወፈረውን ለአራት፣ ከዚያ የቀጠነውን ለሁለት ይፍለጡልሽ።

ክምሩን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊ፣ ላዩን በቆርቆሮ ሸፍኚ፣ ጎኑን ለነፋስ ተይው። ሸራ ዙሪያውን ማልበስ ሻጋታ ያመጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ቶሎ ይደርቃል፤ እናንተ ጋ በጥቅምት የተፈለጠ ከበልግ ዝናብ ከተጠበቀ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጪ፦ ጠንከር ያለ ቃና ካለው ደርቋል፣ ድፍን ካለ ገና ነው። ጫፉ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅም ታያለሽ።

የሆጤዋ፦
24 ኢንቹን ከሁለት ምላጭ ጋር እገዛለሁ፣ ታጣፊውንም። የቅርንጫፉ ጫፍ ከሽቦው አንድ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው፤ ሳይነካው ቢቆረጥ ችግር አለው?

ቦርከና፦
አለው። ቅርንጫፍ ሲለቀቅ ይወዛወዛል፣ አንድ ሜትር ለዚያ ምንም አይደለም፤ እርጥብ እንጨትና እርጥብ ገመድ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። እሱን ለሚመለከታቸው ተይው። ግንዱን ጀምሪ።