የተሳቢ ጎማ ዳዶ አልፈታ ሲል፣ ብሎኑም አብሮ ሲዞር

ጥያቄ፦
ባለአንድ አክስል ተሳቢ ነው፤ በየጎማው አምስት ብሎን፣ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች። ለረጅም ጊዜ ውጭ ቆሞ ዳዶዎቹ (ብሎኖቹ ላይ የሚጠብቁት ማሰሪያዎች) ዝገዋል። በአንደኛው ጎማ ሁለቱ ተፈተዋል፣ አንዱ ብሎኑ ተበጥሷል፣ አንዱ ንቅንቅ አላለም፣ የመጨረሻው ደግሞ ዳዶው ከነብሎኑ ይዞራል። ታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ) ሳይጎዳ እንዴት ይውጣ? የተበጠሰውን ብቻ መቀየር ይበቃል? ብሎን ተጭኖ የሚያስገባ ፕሬስ የለኝም።

መልስ፦
ንቅንቅ ካላለው ጀምር፤ ተሳቢውን ግን ክሪክ ላይ አታውጣው። ጎማው መሬት ካልያዘ ጉልበትህ ጎማውን በማዞር ያልቃል። የሌላኛውን ወገን ጎማ ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ያዝ። የተፈቱትን ሁለቱን ዳዶዎች መልሰህ በመጠኑ አጥብቃቸው፤ አለዚያ ጫናው ሁሉ በቀረው ላይ ይወድቅና የባሰ ይነክሳል።

ከዳዶው ውጭ የሚታየውን የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ዳዶው ከተላቀቀ በኋላ መልሶ የሚጣበቀው ግን እዚያ በተጠራቀመው ዝገት ላይ ነው። ዝገት መፍቻ ዘይት ጨምርበትና ይደር፤ ወደ ፍሬን ሸራው እንዳይወርድ ግን በጥቂቱ። ቡሶላው (ዳዶውን የሚይዘው የመፍቻ ጫፍ) ባለስድስት ማዕዘን ይሁን፣ ባለአሥራ ሁለቱ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው፣ ከዚያ ፍታ። ሲንቀሳቀስ ግማሽ ዙር ፈትተህ ሩብ ዙር መልስ፣ ዘይት ጨምር፣ ድገም።

እሳት አታስጠጋ። አየር የያዘ ጎማ ሲግል ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል፤ ብሎኑም ጥንካሬውን ያጣል።

መልስ፦
አብሮ የሚዞረውን አትታገለው። ከብሎኑ ራስ ሥር ያሉት ጭረቶች ሞዞውን (ብሎኖቹ የተተከሉበትን የጎማ መሐል) ስለለቀቁ ባዞርከው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ዳዶውን መቁረጥ ነው ያለብህ። ቸርኬው (የጎማው ብረት) ውስጥ ጠልቆ ግራይንደር ካልደረሰለት፣ የዳዶውን ግድግዳ ከብሎኑ ጎን ለጎን በመሰርሰሪያ ብሳና በስካርፔሎ (በብረት መሮ) ሰንጥቀው። የዓይን መከላከያ ሳታደርግ አትጀምር።

ጎማው ከወጣ በኋላ ብሎኖቹን በመዶሻ ለማስወጣት ሞዞው ከአክስሉ መውረድ አለበት፤ እዚያው ላይ እያለ ብትመታው ኩሽኔታው ይጎዳል። ክዳኑን፣ ኮፒሊያውን (ትልቁን ዳዶ እንዳይዞር የሚይዘውን ሽቦ)፣ ትልቁን ዳዶና የውጭ ኩሽኔታውን አውጥተህ ሳበው። በብሎኑ ዙሪያ በእንጨት ደግፈው፣ ከፊት በኩል ወደ ኋላ ምታ። ስትመልስ ኮፒሊያውና የግሪስ መያዣ ጎሚኒው አዲስ ይሁኑ።

ስለ ብዛቱ፦ አንድ ብሎን ከተበጠሰ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ይቀየራሉ፣ የእሱን ሸክም ተሸክመው ቆይተዋልና። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተበላሸ ሁሉም ይቀየራል። አንተ ጋ አንዱ ተበጥሷል፣ አንዱ ይዞራል፤ ስለዚህ አምስቱንም ቀይር። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ርዝመቱና ጥርሱ ቢገጥምም የጭረቱ ዙሪያ ውፍረት ይለያያልና በካሊፐር ለካው። አዲሱም ብሎን በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ከላላ ሞዞው ይቀየር እንጂ ብሎኑን በብየዳ አታሲዘው፤ የጋለ ብሎን ተሰባሪ ይሆናል።

ጠያቂው፦
አምስቱንም እቀይራለሁ። ያለ ፕሬስ እንዴት ላስገባ? ጥርሱንስ ግሪስ ልቀባው?

መልስ፦
ብሎኑን ከኋላ አስገባና ጭረቱ በአሮጌው መስመር እንዲቀመጥ አስተካክል። ከፊት ሦስት አራት ወፍራም ሮንዴላ (መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ብረት) ደርድር፣ በመካከላቸው ጥቂት ግሪስ አድርግና አንድ አሮጌ ዳዶ ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ ሮንዴላው ሆኖ በእጅ ቁልፍ አጥብቀው። ራሱ ከሞዞው ጀርባ ጋር ክፍተት ሳይተው ሲገጥም አቁም። አዲሱን ዳዶ ለዚህ ሥራ አትጠቀምበት፣ ጥርሱ ይለጠጣል።

ጎማውን ስታስር ግን ጥርሱ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ አምራቹ ካላዘዘ ግሪስ አትቀባ። ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው የቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት) ልክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ቸርኬው ታምቡሩ ላይ የሚያርፍበት ፊት ላይም ዝገትና ወፍራም ቀለም አይኑር፤ ቀለሙ ሲታመቅ ዳዶው ይላላል።

ለግማሽ ኢንች ብሎን የተለመደው ልክ ከ120 እስከ 160 ኒውተን ሜትር ነው፤ የአክስልህና የቸርኬህ አምራች ሌላ ልክ ከሰጠ እሱን ያዝ። በኮከብ ቅደም ተከተል (ጎረቤቱን እየዘለልክ)፣ በሦስት ዙር፦ ወደ 30፣ ወደ 75፣ ከዚያ ሙሉው። መንገድ ከጀመርክ በኋላ በ15፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመህ በቶርክ ቁልፍ ደግመህ አጥብቅ።