ሬይን ኦፍ ጃይንትስን ጫንኩ፣ ዝናቡ ግን አልመጣም! ቶሎ መልሱልኝ

የቆጪ ልጅ፦ ልጆች ድረሱልኝ። ውጭ ያለው ያጎቴ ልጅ ሬይን ኦፍ ጃይንትስ የሚባለውን የጌም ጭማሪ ገዝቶ ላከልኝና ትናንት ማታ ጫንኩት። ጌሙ ውስጥ 71ኛ ቀን ላይ ነኝ። በረዶው አለቀ፣ አሁን ዝናባማው ወቅት መምጣት ነበረበት። ምንም የለም! ሦስቴ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ተበላሽቶ ነው? አጥፍቼ እንደገና ልጫነው? ዛሬ መብራት ሁለቴ ሄዷል፣ ሳይደግመን መልሱልኝ።

አጂፕ ሰፈር፦ የምን ጌም ነው?

የቆጪ ልጅ፦ ዶንት ስታርቭ ነዋ! ዱር ውስጥ ሳትራብ ለመትረፍ የምትታገልበት።

ሌሊት ተጫዋች፦ አጥፋውና እንደገና ጫነው። የኔ በዚያ ነው የዳነው።

የጥንቱ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እወቀው። ክሌይ የሚባለው የካናዳ ድርጅት ዋናውን ጌም ሲያወጣ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ማለት ነው፣ ወቅቱ ሁለት ብቻ ነበር። በ2014 ሬይን ኦፍ ጃይንትስ መጣና አራት አደረገው። ዝናቡ ያበሰብስሃል፣ የረጠበ መሣሪያ ከእጅህ ያሟልጫል። በሙቀቱ ወቅት ደግሞ ሰፈርህ ማንም ሳይነካው ይነዳል። በዋናው በበረዶ የሚመጣው ዲርክሎፕስ የሚባል አውሬ ነበር ግዙፉ፣ እዚህ ግን በየወቅቱ የራሱ ግዙፍ አለው።

አጂፕ ሰፈር፦ ዝናብ ለማየት ገንዘብ ማውጣት ምን አመጣው? ነሐሴ ላይ ጅማ በነጻ አለልህ። ዋናው ራሱ መች ተጠገበና።

የቆጪ ልጅ፦ እኔ የጠየቅኩት ለምን እንደማይሠራ ነው እኮ።

ጭራሮ ለቃሚ፦ ምንም እንዳታጠፋ! አልተበላሸም። ያ ዓለምህ የተፈጠረው ጭማሪው ሳይኖር ነው፣ ስለዚህ ሁለት ወቅት እንደያዘ ይቀጥላል። አዲስ ዓለም ስትከፍት ሬይን ኦፍ ጃይንትስን ምረጥ፣ የድሮው በቦታው ይቆይሃል። ግን መልሰህ ገንዘቡን ልታስመልስ ካሰብክና ስቲም ላይ፣ ማለት የጌም መሸጫው ላይ፣ ከሆንክ መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደተጫወትክ እይ። ጭማሪ የሚመለሰው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ያውም ከግዢው በኋላ ዋናውን ጌም ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ነው። ስጦታ ቢሆንም ጥያቄውን የምታቀርበው አንተ ነህ፣ ገንዘቡ ግን ለያጎትህ ልጅ ነው የሚመለሰው።

ሌሊት ተጫዋች፦ እንደገና ጫነው እያልኩህ ነው።

ቡና ቆዪዋ፦ እኔን ከሰማኸኝ ከዚህ ቀጥሎ ሺፕሬክድ የሚባለውን ጭማሪ ያዝ። ባሕር፣ ጀልባ፣ መርዝ፣ ሁሉም አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳተ ገሞራው ውስጥ ቡና ይበቅላል! ቆልተህ ድስት ውስጥ ትከተዋለህ፣ ስትጠጣው እግርህ ይፈጥናል። ነቅለህ ብትተክለው አመድ ካላገኘ አያፈራም። የጅማ ልጅ ሆኖ ይህን አለማየት ያሳዝናል። ሃምሌት የሚባለውም ጭማሪ ጥሩ ነው፣ የአሳማዎች ከተማ አለው፣ ሱቅ አለው፣ ቤት ትገዛለህ። ግን ረሃቡና ፍርሃቱ ይቀንስብኛል።

የቆጪ ልጅ፦ 1 ሰዓት ከ40 ተጫውቻለሁ! አዲስ ዓለም ከፈትኩ፣ ምርጫው አለ። ዝናቡን አይቼ ልወስን።

ጭራሮ ለቃሚ፦ አትደርስበትም። ዝናቡ የሚመጣው በ36ኛው ቀን ነው፣ የጌሙ አንድ ቀን ደግሞ 8 ደቂቃ ይፈጃል። ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው። አሁኑኑ ወስን። እኔ ብሆን አልመልሰውም።

አጂፕ ሰፈር፦ እህስ? ወሰንክ?

አጂፕ ሰፈር፦ መብራት ሄዶበት ይሆናል። እኛም ጋ ጠፍቷል።