የአባቴ አኦርታ ፓቶሎጂ ውጤት መጣ፣ የሚያስረዳኝ አለ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ስራቸው፣ አኦርታ የሚባለው፣ ተለጥጦ 5.6 ሴንቲሜትር ደርሶ ስለነበር ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የተለጠጠው ክፍል በሰው ሠራሽ ቱቦ ተተካ። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። አሁን የተቆረጠው ቁራጭ የላብራቶሪ ውጤት መጣና ወረቀቱ ላይ የመካከለኛው ሽፋን መበላሸት፣ የላስቲክ ክሮች መቆራረጥ፣ የጡንቻ ሴሎች መቀነስ፣ የሙኮይድ ክምችት ምናምን ይላል። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የልባቸው ደም ስሮች ታይተው ንጹህ ናቸው ተብለን ነበር፣ ኮሌስትሮላቸውም ደህና ነው። ታዲያ ስብ ካልሆነ ምን አበላሸው? ሐኪሙ ደግሞ እኔና ወንድሞቼ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንድንነሳ አዘዘ። እኛን ምን አገባን? ካንሰር ነገር እንዳይሆንም ፈርቻለሁ።

መንገደኛው፦
ግፊት ነው ወንድሜ፣ ሌላ ምን ሊሆን። ግፊታቸውን ይቆጣጠሩ፣ በቃ።

ስላይድ ቤት፦
እንኳን እግዜር ማራቸው። ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ቁራጭ ብዙ አያለሁ። መጀመሪያ ካንሰሩን እርሳው፣ አይደለም።

የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ሽፋን አለው። ውስጠኛው ስስ ነው፣ ውጪኛው ኮላጅን በሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር የጠነከረ ነው፣ ወፍራሙና ዋናውን ሥራ የሚሠራው መካከለኛው ነው። ደረት ውስጥ ባለው አኦርታ መካከለኛው ሽፋን ከ50 እስከ 60 የሚደርሱ የላስቲክ ንጣፎች ተደራርበው የተሠራ ነው፣ በየንጣፎቹ መሃል ልሙጥ የጡንቻ ሴሎች አሉ። ልብ በመታ ቁጥር ይለጠጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስብ የሚጋገረው ግን ውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ የአባትህ የልብ ደም ስሮች ንጹህ ሆነው አኦርታቸው መለጠጡ ምንም አይጋጭም፣ የተለያየ በሽታ ነው።

ላስቲኩን ጥቁር በሚያደርግ ማቅለሚያ ቀልመን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ ጤነኛው ላይ ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን እየተጠማዘዙ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። የታመመው ላይ መስመሩ ይሄድ ይሄድና ድንገት ይበጠሳል፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቁራጭ ይታያል። አልሺያን ብሉ የሚባለውን ማቅለሚያ ሲቀቡት ያ ባዶ የመሰለው ቦታ ሰማያዊ ይሆናል። ሙኮይድ ያሉት እሱ ነው፣ ፕሮቲንና ስኳር የተጣመሩበት ዝልግልግ ነገር። የጡንቻ ሴሎቹም አንዳንድ ቦታ ላይ ጭራሽ የሉም። ክፋቱ ደግሞ ሰውነት ኤላስቲንን፣ የላስቲኩን ፕሮቲን፣ በብዛት የሚሠራው ከመወለድ በፊትና በልጅነት ነው፣ አዋቂ ላይ የተበጠሰውን በደንብ አይተካውም። እንዳረጀ የሱሪ ላስቲክ ረግቦ ይቀራል።

መንገደኛው ያለው ግማሽ እውነት አለው። ግፊትም ዕድሜም ይህንኑ ለውጥ ያመጣሉ። ግን በዘር የሚተላለፈው፣ የሰውነትን አገናኝ ክሮች የሚያደክመው ማርፋን ሲንድረምም ያመጣል፣ በሦስት ፈንታ ሁለት ክንፍ ያለው የአኦርታ ቫልቭ (ከልብ መውጫው ላይ ያለው የደም በር) ይዘው የተወለዱ ሰዎች ላይም ይታያል። ስላይዱ ግድግዳው እንደተጎዳ ይነግረኛል እንጂ ማን እንደጎዳው ለብቻው አይነግረኝም። ከምክንያቶቹ በዘር የሚሄዱ ስላሉ ነው ሐኪሙ ልጆቹን የጠራው፣ ልክ ነው ያደረገው።

ጠያቂው፦
ተባረክ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሆድ ውስጥ ያለው አኦርታ ሲያብጥም እንዲሁ ነው? አጎቴ እሱ አለባቸው፣ ለዓመታት ያጨሱ ነበር።

ስላይድ ቤት፦
እዚያ ነገሩ ይለያል። የሆዱ አኦርታ ከጅምሩም የላስቲክ ንጣፎቹ ያነሱ ናቸው። ሲያብጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ውስጡ ላይ የተጋገረ ስብና ካልሲየም፣ ግድግዳው ውስጥ የገቡ የብግነት ሴሎች፣ እነሱ የሚለቋቸው ላስቲክና ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞች፣ ከውስጥ ደግሞ የተለጠፈ የረጋ ደም ነው። ሲጋራ ዋናው ጠላት የሆነው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ ቂጥኝም በድሮ ጊዜ አኦርታን በዋናነት ከሚያበላሹት አንዱ ነበር፣ ግድግዳውን የሚመግቡትን ጥቃቅን ደም ስሮች እየዘጋ።

ነርሷ፦
እኔ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ሐኪሞቹ ስለ መጠን የሚጨነቁት ቧንቧው በሰፋ ቁጥር በዚያው የደም ግፊት ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚጨምር ነው። ከዚያ ውስጠኛው ሽፋን ይቀደድና ደሙ መካከለኛው ሽፋን ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ለሁለት እየሰነጠቀ ይሄዳል። ለዚህ ነው 5.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ቀዶ ጥገና የሚመከረው፣ ማርፋን ያለበት ሰው ላይ ደግሞ 5 ሲደርስ። ድንገት የሚመጣ፣ የሚቀድ ዓይነት የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ካለ ነገ ልየው አይባልም፣ በዚያችው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል።

ሌላው፣ ሰው የማያነሳው ነገር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእሱ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ናቸው። በ2018 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አኦርታቸው የተለጠጠ ወይም ለዚህ የተጋለጡ ሰዎች ሌላ አማራጭ ካለ እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። አባትህ ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የአኦርታ ታካሚ መሆናቸውን ቀድመው ይናገሩ። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ዕቃ ማንሳትም ግፊትን በአንዴ ያስወነጭፈዋል፣ ይቅርባቸው።

ጠያቂው፦
እሺ እህቴ፣ እናመሰግናለን። የእኛ ኢኮ ንጹህ ከሆነ በዚያው አለቀ ማለት ነው?

ነርሷ፦
የግድ አይደለም። አባትህ የጂን ምርመራ ተደርጎላቸው በሽታ አምጪ ለውጥ ከተገኘና አንተ ላይ ያ ለውጥ ከሌለ፣ አዎ፣ አለቀ። እሳቸው ላይ ምንም ካልተገኘ ግን ያልታወቀ ጂን ሊኖር ስለሚችል ኢኮው በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ ከናንተ በፊት እሳቸው ይመርመሩ፣ እናንተ ዘንድ ምን እንደሚፈለግ የሚታወቀው ከሳቸው ነው። የቫልቫችሁ ክንፍ ሦስት መሆኑንም ኢኮ የሚያነሳውን ሰው ጠይቁት።