የድርቆሽ መጋዘኑን ማመልከቻ እንጨርስ

ጸሐፊ፦
እንደምን አደራችሁ። የወተት ላም አርቢዎች ማኅበራችን የድርቆሽ መጋዘን ማመልከቻ አርብ ይገባል። «የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም» የሚል አርእስት አለው፤ ከሥሩ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። ምን እንጻፍበት?

ምክትል ሰብሳቢ፦
አምና ጥቅምት የደረሰብንን ጻፍ፣ ልጄ። ክረምቱ መውጫውን ረሳ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣሩን አጭደን ገና ሳንሰበስበው፣ አለቀ ያልነው ዝናብ ተመልሶ መጣ። እስሩን ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ገመዱን ስፈታው ግን ውስጡ ጠቁሯል፣ ሻጋታው እንደ ዱቄት ይቦናል። ላሚቱ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። አልፈረድኩባትም።

ገንዘብ ያዥ፦
እውነትዎን ነው ጋሼ። ግን ዋናው ጉዳት የመጣው ኋላ ነው። መኖ የሚወደደው በበጋው ማብቂያ፣ ልክ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። 55 ቀን ወተቱ ፈላጊ ያጣል፤ ላም ደግሞ አትጾምም። ድርቆሽ በተበላሸበት ዓመት ሁለቱ ተደራርበው ይመጡብናል። ይህን በደንብ አስፍረው።

አዲስ አባል፦
ለምን የላም መግዣ ብድር አንጠይቅም? ወተቱ ሲበዛ ኪሳራውን ይሸፍናል ብዬ ነው።

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ያሉትንስ መች አጠገብን? ደግሞ ላም በግሳቷ ሚቴን ታወጣለች፤ ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ነው። በደንብ በልታ ብዙ የምትታለብ ላም ስትሆን፣ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ጋዝ ያንሳል። እኔ ከላም በፊት ጣሪያ እላለሁ፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የጋራ መጋዘን።

ምክትል ሰብሳቢ፦
ጣሪያ ካለማ ውሃም አለ!

ጸሐፊ፦
አስልቼዋለሁ ጋሼ። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 200 ሊትር ገደማ ነው። የሐምሌና የነሐሴው አንድ ሮቶ አይችለውም። በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
የስንዴ ገለባውንም ጨምሩ፤ በዩሪያ ማዳበሪያ ሲታከም ለላም የተሻለ መኖ ይሆናል። 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ አሟምቶ 100 ኪሎ ገለባ ላይ መርጨት፣ በላስቲክ አፍኖ 3 ሳምንት ማቆየት። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ሳይናፈስ ለከብት እንዳትሰጡ። ለጥጃ ጭራሽ አይሆንም።

አዲስ አባል፦
እሺ፣ ላሟ ትቆይ። ቆርቆሮ ስንት ገብቶ ይሆን?

ገንዘብ ያዥ፦
ነገ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ከነሚስማሩ ጠይቄ እመጣለሁ። መዋጮ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።