ግርጌያቸው የተቆረጠ ሎቢ ካርዶች አስቸግረውኛል

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። የድሮ የአሜሪካ ፊልም ሎቢ ካርዶች እሰበስባለሁ፤ ያው ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ ይሰቀሉ የነበሩት ባለ ፎቶ ካርቶኖች። እዚህ ብዙው ሰው አሮጌ ወረቀት ይላቸዋል፤ የምጠይቀው አጣሁ።

በቅርቡ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የአንድ ፊልም ካርዶችን ገዛሁ። ስምንት ናቸው፤ ሙሉ ስብስብ። ነጋዴው ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው ብሎ ምሎልኛል። (ነጋዴ መቼ ሳይምል ሸጦ ያውቃል!)

አምስቱ ልክ 11 በ14 ኢንች ናቸው። ቀኝ ግርጌያቸው ላይ በ54 የሚጀምር የናሽናል ስክሪን ሰርቪስ (የፊልም ማስታወቂያዎችን ያከፋፍል የነበረ የአሜሪካ ድርጅት) ቁጥር አለ። ስለዚህ የ1954 እ.ኤ.አ. ናቸው። ስድስተኛው፣ የፊልሙ ርዕስ በትልቁ የተጻፈበት የርዕሱ ካርድ ላይ ግን ከቁጥሩ በፊት "አር" የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ዓመቱም 61 ነው። ፊልሙ ድጋሚ ሲለቀቅ የታተመ ነው፤ በእሱ ላይ ጥያቄ የለኝም።

ራስ ምታት የሆኑብኝ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። የሆነ ሰው ለፍሬም እንዲመቹ ብሎ ይመስላል፣ የሁለቱንም ግርጌ ቆርጦታል። ቁጥሩም ዓመቱም አብሮ ሄዷል። በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። የኅትመት ነጥቦቹ ጥርት ያሉ ስለሆኑ በቅርቡ ስካን ተደርገው የተባዙ አይመስሉም። ግን የ54 ናቸው ወይስ የ61? ቀለማቸውን ከአምስቱ ጋር እንዳላስተያይ የጣና እርጥበት አደብዝዟቸዋል፤ ጠርዛቸውም ሻግቷል።

ቁጥር ሳይኖር የካርቶኑን ውፍረት፣ የጀርባውን ቀለም ወይም የርዕሱን የፊደል ቅርጽ አይታችሁ የለያችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው ልጀምር? ሻጋታውንስ ቀለሙን ሳልነካ በምን ላጽዳ? ነጋዴው ሌላም ጥቅል አለኝ ብሎኛል፤ ሳልገዛ ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል።