ካልማን ፊልተሬ ስህተቱን ለምን አሳንሶ ይነግረኛል?

ጀማሪ_አብራሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትንሽ ድሮን በካልማን ፊልተር (ስህተት ካለበት ንባብ ትክክለኛውን ዋጋ የሚገምት ስሌት) የከፍታ መገመቻ እየሠራሁ ነው። ባሮሜትሩ (የአየር ግፊት መለኪያው) በሰከንድ 50 ጊዜ ያነባል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የአንድ ደቂቃ ንባብ ወሰድኩ፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ (የንባቦቹ መበታተን) 0.4 ሜትር ሆነ፣ አርን (R፣ ንባቡ ምን ያህል እንደሚሳሳት ለፊልተሩ የሚነግረውን ቁጥር) የእሱን ካሬ፣ 0.16 አደረግኩት። ኪውን (Q፣ ከፍታው ራሱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚነግረውን ቁጥር) ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ግራፉ እስኪያምር ድረስ ነው የነካካሁት። ፊልተሩ ስህተቱን 3 ሴንቲሜትር ይለዋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳይነካ የተቀመጠው ዕቃ ግምቱ 1.2 ሜትር ሸሽቷል! ኖይዙ (በንባቡ ላይ ያለው የዘፈቀደ ስህተት) ጋውሲያን፣ ማለት ሥርጭቱ ደወል መሳይ፣ ስላልሆነ ይሆን? ሂስቶግራሙ እኮ የደወል ቅርጽ አለው።

ችኩሉ፦
አርን 10 አድርገው፣ ትገላገላለህ።

አሮጌ_ሴንሰር፦
አርን ብቻ ካሳደገው ፊልተሩ ይንቀረፈፋል እንጂ ድሪፍቱ (ቀስ እያለ መሸሹ) የትም አይሄድም።

ጋውሲያኑን ተወው። የኖይዙ አማካይ ዜሮ ከሆነ፣ የአሁኑ ከቀድሞው ካልተዛመደና ኮቫሪያንሱ (የመበታተኑ መጠን) ከታወቀ፣ ጋውሲያን ባይሆንም ካልማን ከመስመራዊ ገማቾች ሁሉ የተሻለው ነው። አንተን የጎዳህ «አይዛመድም» የሚለው ግምት ነው። ሂስቶግራም ደግሞ ይህን አያሳይህም፤ ንባቦቹን እንደ ካርታ ብትበውዛቸው ያው ደወል ነው የሚወጣው።

ፊልተሩ እያንዳንዱን ንባብ እንደ አዲስ ምስክር ይቆጥራል። የአራት ሰከንድ 200 ንባብ እርስ በርሱ ባይዛመድ 0.4 ለ14 (ለ200 ስኩዌር ሩት) ተካፍሎ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ፈጣኑ ኖይዝ በእርግጥ እንዲሁ ይከሳል። የአየር ግፊቱ ግን ቀስ እያለ ይቀየራል (12 ፓስካል ገደማ አንድ ሜትር ነው)፤ በዚያ ላይ 200ዎቹም ምስክሮች ከአንድ ሰው የሰሙትን ነው የሚያወሩት።

እኔም ድሮ የታለልኩበት ነገር አለ፦ መስመራዊ ፊልተር ውስጥ ፒ (P፣ ፊልተሩ ስለ ራሱ ስህተት የሚናገረው ቁጥር) ንባቡን አንዴም አያየውም። የሚሰላው ከሞዴሉ፣ ከኪውና ከአር ብቻ ነው። ያ 3 ሴንቲሜትር ራስህ ያስገባኸው ግምት ዞሮ መጥቶ ነው።

ጀማሪ_አብራሪ፦
ግን ኢኖቬሽኑን (ንባቡ ፊልተሩ ከጠበቀው የሚለይበትን) ፈትሼዋለሁ፣ ዋይት ነው፣ ማለት የአሁኑ ከቀድሞው አይዛመድም። ዝምድና ቢኖር እዚያ አይታይም ነበር?

አሮጌ_ሴንሰር፦
ሁልጊዜ አይታይም። ፊልተርህ ድሪፍቱን «ከፍታ ተቀየረ» ብሎ ተከትሎታል፤ ስለዚህ ከንባቡ ጋር አይጣላም። ድሪፍቱን እንደ ሌላ ስቴት (ፊልተሩ የሚገምተው መጠን) ጨምረው፣ በጣም ትንሽ ኪው ስጠውና ቀስ ብሎ ይንከራተት። ባሮሜትር ብቻውን ከሆነ ሁለቱን መለየት አይችልም፣ ፒ ግን ቢያንስ እያደገ እውነቱን ይነግርሃል። ከታች የሌዘር ርቀት መለኪያ ብትጨምር ይለያቸዋል። ድሪፍቱንም በአንድ ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ትተኸው ለካው።